አራተኛው አምድ ምን እየነገረን ነው? ካርታን ከካርታ ስናገጣጥም ስለ ዙረትና ሽግሽግ

ሳጥን256 (ክሩን የከፈተው)

ካይሜራኤክስ (የሞለኪውል ምስል ማያ ፕሮግራም) ውስጥ ሁለት የክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ ካርታዎችን (የሞለኪውል ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስሎችን) በ«ፊትማፕ» ትእዛዝ ስናገጣጥም፣ ፕሮግራሙ በሚጽፈው ሎግ ላይ ሦስት ረድፍና አራት አምድ ያለው ማትሪክስ ይወጣል። ቁጥሮቹን ለመረዳት ቀላል ሙከራ አደረግሁ። ካርታው ያለበት ሳጥን በየጎኑ 256 ቮክሰል (የምስሉ ትንሽ ኩብ) ነው፤ ቮክሰሉ 1.2 አንግስትሮም። የካርታውን ቅጂ በሳጥኑ መሃል በሚያልፍ የዜድ ዛቢያ ዙሪያ 10 ዲግሪ ብቻ አዞርኩት፤ ወደ የትም አልገፋሁትም። ከዚያ ዋናውን ካርታ ቅጂው ላይ ሳስገጥም የወጣው ይኸውና፦

0.98481   −0.17365   0.00000   29.006
0.17365   0.98481   0.00000   −24.339
0.00000   0.00000   1.00000   0.000
ዛቢያ፦ 0፣ 0፣ 1
የዛቢያ ነጥብ፦ 153.600፣ 153.600፣ 0.000
የዙረት ማዕዘን፦ 10.000 ዲግሪ
በዛቢያው አቅጣጫ ሽግሽግ፦ 0.000

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ምንም ሳልገፋው 29 እና −24 ከየት መጡ? «ሞለኪውሉ ይህን ያህል ተንቀሳቅሷል» ብዬ ልጽፍ ብል የትኛውን ቁጥር ልውሰድ? ደግሞስ ይህንኑ ማትሪክስ ወስጄ በፓይተን ካርታውን ሳዞረው፣ ካርታው ግማሽ በግማሽ ከሳጥኑ የሚወጣው ለምንድን ነው?

———

ዛቢያ

ማትሪክሱ ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው አራተኛውን አምድ «ሞለኪውሉ የሄደበት ርቀት» ብሎ ማንበብ ነው። ያ አምድ የሚነግርዎት የመጋጠሚያ ሥርዓቱ ዜሮ ነጥብ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። የእርስዎ ዜሮ ነጥብ ደግሞ የሳጥኑ ጥግ ነው፤ ሞለኪውሉ እዚያ የለም።

ዙረቱን «ዙ»፣ ሽግሽጉን «ሽ»፣ የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ «ነ» እንበላቸው። ፕሮግራሙ የሚጽፈው ሁልጊዜ ይህንን ነው፦

አዲስ ነ = ዙ × ነ + ሽ

ይህ ማለት መጀመሪያ በዜሮ ነጥብ ዙሪያ አዙር፣ ቀጥሎ ሽግሽግ አድርግ ነው። እርስዎ ግን ያዞሩት በሳጥኑ መሃል ዙሪያ ነው። መሃሉን «መ» ካልነው ያደረጉት ይህ ነበር፦

አዲስ ነ = ዙ × (ነ − መ) + መ

ቅንፉን ሲፈቱት «ሽ = መ − ዙ × መ» ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩን አብረን እናስላው። መሃሉ 128 × 1.2 = 153.6 አንግስትሮም ነው፣ በኤክስም በዋይም። ዙረቱ መሃሉን የሚወስደው፦

ኤክስ፦ 153.6 × (0.98481 − 0.17365) = 124.59
ዋይ፦ 153.6 × (0.17365 + 0.98481) = 177.94

153.6 ሲቀነስ 124.59፣ 29.01 ነው። 153.6 ሲቀነስ 177.94፣ −24.34 ነው። ሎጉ ላይ ያዩት እነዚህን ነው። የሁለቱ ድምር ቬክተር ርዝመት ወደ 38 አንግስትሮም ይጠጋል፤ ሞለኪውሉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ የሽግሽግ ቁጥር የዙረት መሃሉ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። የዙረት ማዕዘን ግን መሃሉ የትም ይሁን የት ያው ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛውን ጥያቄ በሁለት መንገድ መመለስ ይቻላል። አንደኛው የሞለኪውሉን የክብደት ማዕከል ማትሪክሱ ውስጥ ማሳለፍና ከበፊቱ ቦታ ያለውን ርቀት መለካት ነው። በእርስዎ ሙከራ ሞለኪውሉ ሳጥኑ መሃል ካለ መልሱ ዜሮ ነው። ሁለተኛው ሎጉ ራሱ ከታች የጻፈልዎት ነው፦ ዛቢያ፣ የዛቢያ ነጥብ፣ ማዕዘን፣ በዛቢያው አቅጣጫ ሽግሽግ። ቅርጽ ሳይለወጥ የሚደረግ ማንኛውም እንቅስቃሴ፣ በአንድ ዛቢያ ዙሪያ ዞሮ በዚያው ዛቢያ ላይ የመንሸራተት እንቅስቃሴ ነው፤ እንደ ብሎን ማለት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሚሼል ሻል ይህን እ.ኤ.አ. በ1830 አስፍሮታል። ከዛቢያው በ90 ዲግሪ አቅጣጫ የሚደረገው ሽግሽግ ሁሉ ተውጦ ዛቢያው የሚያልፍበትን ቦታ ይወስናል። በእርስዎ ሎግ የዛቢያው ነጥብ 153.6፣ 153.6 መሆኑ ዙረቱ በሳጥኑ መሃል እንደነበር አፍ አውጥቶ እየተናገረ ነው።

———

ሄደር_አንባቢ

«ዛቢያ» የተባለው ጸሐፊ ያለውን ለማረጋገጥ የሁለቱንም ካርታ ኦሪጅን −153.6 አድርጋችሁ ያንኑ ፊት (ማስገጠም) ድገሙት። አራተኛው አምድ ሦስት ዜሮ ይሆናል። እንቅስቃሴው ያው፣ ቁጥሩ ሌላ።

በተግባር ችግር የሚያመጣው ሁለቱ ካርታዎች የተለያየ ኦሪጅን ሲኖራቸው ነው። በኤምአርሲ ፋይል (ካርታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ውስጥ የመነሻ ቦታ በሁለት ስፍራ ሊጻፍ ይችላል፦ በቮክሰል ቁጥር በሚቀመጠው የመጀመሪያ ኢንዴክስ፣ ወይም በአንግስትሮም በሚቀመጠው ኦሪጅን (በ1024 ባይቱ ሄደር፣ ማለትም በፋይሉ መግቢያ ውስጥ ከ50ኛ እስከ 52ኛ ያሉት ቃላት)። አንዱ ፕሮግራም አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ያነባል። ካርታ ከርክመው ወይም ሳጥን አሳንሰው ሲያስቀምጡ ከሁለቱ አንዱ ይቀየርና ሌላው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከማገጣጠም በፊት ለሁለቱም ካርታ የሳጥን መጠን፣ የቮክሰል መጠን፣ ሁለቱን መነሻዎችና የዛቢያዎቹን ቅደም ተከተል (1፣ 2፣ 3 መሆኑን) አይቶ መጻፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

———

ግማሽ_ቮክሰል

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የሳይፓይ (የፓይተን የስሌት ላይብረሪ) «አፋይን ትራንስፎርም» ሰውን አራት ቦታ ላይ ይጥላል፤ አራቱም አንድ ላይ ሲመጡ ካርታው ከሳጥን ይወጣል።

መጀመሪያ፣ ተግባሩ የሚጠብቀው የተገለበጠውን ማትሪክስ ነው። ለእያንዳንዱ የውጤት ቮክሰል «እሴቱን ከግብዓቱ የት ልውሰድ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ «ዙ»ን ሳይሆን የ«ዙ»ን ትራንስፖዝ (ረድፍና አምዱ የተለዋወጠውን፤ ለዙረት ግልባጩ ያው ነው) ነው የሚሰጡት። ይህን ከረሱ ካርታው በ10 ፈንታ በ−10 ዲግሪ ይዞራል። ለትንሽ ማዕዘን በዓይን አይለይም፤ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሌላው የዛቢያዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ኤምአርሲ ፋይል ነምፓይ ውስጥ ሲነበብ አሬዩ ዜድ፣ ዋይ፣ ኤክስ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ የካይሜራኤክስ ማትሪክስ ግን ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ነው። የማትሪክሱን ረድፎችም አምዶችም ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ ያስፈልጋል፤ የሽግሽግ ቬክተሩንም እንዲሁ።

አሃዱንም አይርሱ። ሎጉ አንግስትሮም ነው፣ ፓይተኑ ቮክሰል ነው። 29.006 ሲካፈል ለ1.2፣ 24.17 ቮክሰል ይሆናል።

ከሁሉም ዋናው መሃሉ ነው። ተግባሩ የሚያዞረው በኢንዴክስ ዜሮ ዙሪያ ነው። በሳጥኑ መሃል ማዞርና ከዚያ በተጨማሪ በ«ሽ» ማሸጋሸግ ከፈለጉ፣ «ኦፍሴት» ለሚለው መለኪያ የሚሰጡት፦

ኦፍሴት = መ − (ዙ ትራንስፖዝ) × (መ + ሽ)

ነው፤ ሁሉም በቮክሰል፣ ሁሉም በዜድ፣ ዋይ፣ ኤክስ ቅደም ተከተል። እዚህ ያለው «ሽ» መሃሉን መነሻ ያደረገ ሽግሽግ ነው። የሎጉን 29 እና −24 እዚህ ቢያስገቡ የመሃሉን እርማት ሁለት ጊዜ አደረጉ ማለት ነው፤ ካርታውን ከሳጥን ያወጣው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። 256 ጎን ላለው ሳጥን መሃሉ 128 ነው ወይስ 127.5? በእኛ ሥራ የተለመደው ከዜሮ ሲቆጠር 128 ነው፣ የፎሪየር ትራንስፎርሙ መሃል እዚያ ስለሚውል። አጠቃላይ የምስል ላይብረሪዎች ግን 127.5 ይወስዳሉ። የግማሽ ቮክሰል ልዩነት ነው፤ 0.6 አንግስትሮም በየዛቢያው። በ10 ዲግሪ ዙረት የሚያመጣው ስህተት 0.15 አንግስትሮም ገደማ ነውና አይታይም። በ180 ዲግሪ ግን በየዛቢያው ሙሉ ቮክሰል፣ ሲደመር 1.7 አንግስትሮም ይሆናል። ለ3 አንግስትሮም ካርታ ይህ ብዙ ነው።

———

ኳተርኒየን

ማትሪክሱን ፕሮግራም ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ዲተርሚናንቱን አስሉ። +1 ካልሆነ ዙረት አይደለም። −1 ከሆነ መስታወት ነው።

ማዕዘኑን ከማትሪክሱ ለማውጣት ብዙ ሰው የሰያፍ ድምሩን ይወስዳል፦ ድምሩ ሲቀነስ 1፣ ሲካፈል ለ2፣ የማዕዘኑ ኮሳይን ነው። ለ10 ዲግሪ ጥሩ ይሠራል። ለትንሽ ማዕዘን ግን አትመኑት። የ0.1 ዲግሪ ኮሳይን በአምስት አሃዝ ሲጻፍ 1.00000 ነውና መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ የ0.3 ዲግሪው ደግሞ 0.99999 ተብሎ ይጻፍና ተመልሶ ሲሰላ 0.26 ይሆናል። ለትንሽ ዙረት ከሰያፉ ውጭ ያሉትን ቁጥሮች ልዩነት ተጠቀሙ፤ ሳይኑ ከነሱ ይወጣል። የ0.1 ዲግሪ ሳይን 0.00175 ስለሆነ በአምስት አሃዝም አይጠፋም።

ኦይለር ማዕዘኖችን (ዙረትን በሦስት ተከታታይ ማዕዘን የሚገልጹትን) ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ስትወስዱ ደግሞ ስሙን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን እዩ። ሬሊየን የተባለው ፕሮግራም ሮት፣ ቲልት፣ ፕሳይ የሚላቸው በዜድ፣ ዋይ፣ ዜድ ነው፤ ኢማን የተባለው የሚጠቀመው ዜድ፣ ኤክስ፣ ዜድ ነው። ቲልት ዜሮ ሲሆን የሮትና የፕሳይ ድምር ብቻ ነው ትርጉም ያለው፤ አንዱ 40 ሌላው −30 ቢሆን ወይም ሁለቱም 5 ቢሆኑ ዙረቱ አንድ ነው። በመሆኑም ኦይለር ማዕዘኖችን እየቀነሱ «ልዩነቱ ይህን ያህል ነው» ማለት፣ ወይም አማካይ መውሰድ አይቻልም። 359ን እና 1ን አማክላችሁ 180 ታገኛላችሁ። አማካይ ከተፈለገ በኳተርኒየን (ዙረትን በአራት ቁጥር በሚገልጸው) ይሁን፤ እዚያም አንድ ኳተርኒየንና አሉታዊው አንድ ዙረት ስለሆኑ ምልክቶቹን አስቀድሞ ማስማማት ግድ ነው።

———

ሳጥን256

ግልጽ ሆነልኝ፤ ፓይተኑም በግማሽ_ቮክሰል ቀመር ሠራ። የሎጉን ሽግሽግ በእርግጥም ከመሃሉ እርማት ጋር ደርቤው ነበር። አሁን ወደ እውነተኛው ሥራ ልምጣ፦ ሁለት ሁኔታ ላይ ያለ ራይቦሶም (በሁለት ክፍል የተሠራ ፕሮቲን ሠሪ ሞለኪውል) አለ፤ ትንሹ ክፍል ከትልቁ አንጻር ስንት ዲግሪ እንደዞረ መለካት እፈልጋለሁ። ሙሉውን ካርታ በሙሉው ላይ ማስገጠም ይበቃል?

———

ራይቦ

አይበቃም። ሙሉውን በሙሉው ላይ ካስገጠሙ ፊቱ ስህተቱን ለሁለቱም ክፍል ያካፍለዋል፤ ትልቁ ክፍል ትንሽ ወደ አንድ ወገን፣ ትንሹ ወደ ሌላው ይዘነበላል። የሚያገኙት ቁጥር የየትኛውም ክፍል አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርታ አንድን ሳይንቀሳቀስ ይተዉት። ከካርታ ሁለት ትልቁን ክፍል (በባክቴሪያ 50ኤስ) በማስክ፣ ማለትም የተፈለገውን ክፍል ብቻ በሚያስቀር ሽፋን፣ ለይተው በካርታ አንድ ላይ ያስገጥሙና ማትሪክሱን ይያዙ፤ «ትልቅ» እንበለው። እንደገና ከካርታ ሁለት ትንሹን ክፍል (30ኤስ) ብቻ ለይተው በካርታ አንድ ላይ ያስገጥሙ፤ «ትንሽ» እንበለው። ትንሹ ክፍል ከሁኔታ አንድ ወደ ሁኔታ ሁለት ያደረገው እንቅስቃሴ፣ ትልቁ ክፍል እንዳልተንቀሳቀሰ ተቆጥሮ፦

እንቅስቃሴ = ትልቅ × (የትንሽ ግልባጭ)

ነው። ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት፦ መጀመሪያ የትንሹ ግልባጭ፣ ቀጥሎ ትልቁ። ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ማዕዘኑ ያው ይሆንና ዛቢያው ግን ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ምስሉ ላይ ዛቢያውን ሲስሉት ብቻ ነው። ግልባጭ ሲወስዱም ዙረቱን ትራንስፖዝ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ሽግሽጉ አሉታዊ ሆኖ በትራንስፖዙ መባዛት አለበት።

ለማነጻጸሪያ፣ ተመራማሪዎቹ ፍራንክና አግራዋል እ.ኤ.አ. በ2000 የገለጹት የ30ኤስ ዙረት 6 ዲግሪ ገደማ ነበር። ይህ በትልቅ ሞለኪውል ላይ በደንብ የሚታይ ነው፦ ከዛቢያው 100 አንግስትሮም ርቆ ያለ አተም በአንድ ዲግሪ 1.75 አንግስትሮም ይሄዳል፣ በ6 ዲግሪ ከ10 በላይ። ከዛቢያው 20 አንግስትሮም ላይ ያለው ግን በአንድ ዲግሪ የሚሄደው 0.35 ብቻ ነው። ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ራዲየስም አብሮ መነገር ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የ30ኤስ ጭንቅላት በራሱ ስለሚዞር ማስኩ ውስጥ ካለ አካሉን ያሳስተዋል፤ አካሉን ለብቻው ይለኩ፣ ጭንቅላቱን ከአካሉ አንጻር በሌላ ፊት። ሁለተኛ፣ ማዕዘኑ ሲያንስ ዛቢያው ይባዝናል። ከዛቢያው በ90 ዲግሪ አቅጣጫ 2 አንግስትሮም ሽግሽግና 0.5 ዲግሪ ዙረት ካለ ዛቢያው ከሚለካው ነጥብ 229 አንግስትሮም ርቆ ይወጣል፣ ከሞለኪውሉ ውጭ ማለት ነው። ያ ስህተት አይደለም፤ ግን «ሞለኪውሉ በዚህ ነጥብ ዙሪያ ዞረ» ብሎ ቀስት መሳልም ትክክል አይሆንም። ይልቅ የክብደት ማዕከሉን ርቀትና ማዕዘኑን ለየብቻ ይጻፉ። ሦስተኛ፣ መቆጣጠሪያ ይኑርዎት፦ ያንኑ ልኬት በሁለቱ ግማሽ ካርታዎች (መረጃው ለሁለት ተከፍሎ በተሠሩት) ለየብቻና በትንሹ በተቀየረ ማስክ ይድገሙት። ውጤቱ በ0.3 ዲግሪ የሚወዛወዝ ከሆነ 0.5 ዲግሪ አገኘሁ ማለት አይቻልም።

———

ፎሪየር_ወዳጅ

ራይቦ ፊቱ ትክክለኛ ቦታ ላይ መድረሱን እንደ ቀላል ወስዶታል። ፊትማፕ ያለ ፍለጋ ሲታዘዝ የሚሠራው የአካባቢ መውጣት ነው፦ ካለበት ተነስቶ ዳገቱን ይከተላል፤ እርምጃው ከ0.5 ቮክሰል ጀምሮ እስከ 0.01 ይወርዳል። አጠገቡ ያለ ትንሽ ኮረብታ ላይ ከወጣ እዚያው ይቀራል። መነሻው 40 ዲግሪ የተሳሳተ ከሆነ ኮሪሌሽን (የሁለቱን ካርታዎች መመሳሰል የሚያሳይ ቁጥር) አግኝቶ በሰላም ይቆማል፣ ቦታው ግን የተሳሳተ ነው።

በሁለት ደረጃ መሥራት ይሻላል። ሁለቱንም ካርታ ወደ 15 ወይም 20 አንግስትሮም ዝቅ አድርጋችሁ ፊልተር አድርጉና ከ100 ያላነሱ የዘፈቀደ መነሻዎች ስጡት። ምርጡ መልስ ከሁለተኛው በግልጽ ከበለጠ፣ ከዚያ ቦታ ተነስታችሁ በሙሉ ሪዞሉሽን አጥሩት። አንደኛውና ሁለተኛው ተቀራራቢ ከሆኑ ሲሜትሪ ወይም የተሳሳተ እጅ (መስታወታዊ ካርታ) ይጠርጠር።

ለምን በዘፈቀደ እንጂ በሥርዓት አይፈለግም ላላችሁ፣ በሥርዓትም ይቻላል። በ7.5 ዲግሪ ልዩነት ሙሉውን ዙረት ለመሸፈን 36,864 አቅጣጫ ያስፈልጋል፤ በ15 ዲግሪ 4,608። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሽግሽጉን በአንድ የፎሪየር ስሌት ማግኘት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሽግሽግ የፎሪየር ፌዝን እንጂ ስፋቱን (አምፕሊቲዩዱን) አይነካም። ይህን ይዞ ዙረትን ከስፋቱ ብቻ፣ ሽግሽግን በኋላ መፈለግም ይቻላል። ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1972 ለክሪስታሎግራፊ ያቀረበው ፈጣን የዙረት ስሌት እዚህ ሐሳብ ላይ ነው የቆመው። ግን ስፋቱ ብቻ ካርታውን ከተገላቢጦሹ አይለይም፤ እጁን በሽግሽግ ደረጃ ላይ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እጅ ካልኩ፦ ካርታው መስታወታዊ ከሆነ የትኛውም ዙረት አያስተካክለውም። የአልፋ ሄሊክስ ጥምዝ ወደ ግራ ከሄደ ካርታው በዜድ ይገልበጥ። ስትገለብጡት ግን ቮክሰል 128 ወደ 127 እንደሚሄድ አትርሱ፤ 1.2 አንግስትሮም ሽግሽግ ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትደክሙ።

———

ዛቢያ

ስለ ኮሪሌሽኑ አንድ እርማት አለኝ። ሎጉ ሁለት ይሰጣል፦ በዜሮ ዙሪያና በአማካይ ዙሪያ። የመጀመሪያው ሁለት ካርታዎች አዎንታዊ ስለሆኑ ብቻ ከፍ ይላል። መመዘኛችሁ በአማካይ ዙሪያ ያለው ይሁን። ስሌቱ የሚወስደውም የሚንቀሳቀሰው ካርታ ከኮንቱር ደረጃው (ካርታው እንዲታይ ከተመረጠው ዝቅተኛ እሴት) በላይ ያሉትን ነጥቦች ነው፤ ኮንቱሩን ከቀየራችሁ ቁጥሩም ፊቱም ይቀየራል፤ አንድን በሁለት ላይና ሁለትን በአንድ ላይ ማስገጠምም አንድ አይደለም። ኮንቱሩን ጻፉት።

ሲሜትሪ ላለው ደግሞ፦ ባለ አራት እጥፍ ቻናል 87 ዲግሪ ዞረ ካላችሁ 3 ዲግሪ ወደ ኋላ መዞሩ ነው። ለኤፖፌሪቲን 24ቱንም፣ ለ20ኤስ ፕሮቲያሶም 14ቱንም የሲሜትሪ ዙረቶች ሞክራችሁ ትንሹን ማዕዘን ውሰዱ።

———

ሳጥን256

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ትልቁ ክፍል መሃሉ ላይ በደንብ ይገጥማል፤ ዳር ዳሩ ግን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይወጣል። ዙረቱን ብነካካውም አይሻሻልም።

———

ሄደር_አንባቢ

የቮክሰል መጠን ነው። በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ መውጣት የዙረትም የሽግሽግም ምልክት አይደለም። የማይክሮስኮፑ ማጉያ ልኬት አንድ በመቶ ቢሳሳት፣ 200 አንግስትሮም ስፋት ባለው ሞለኪውል በየዳሩ 1 አንግስትሮም ይወጣል። የአንዱን ካርታ የቮክሰል መጠን ከ1.18 እስከ 1.22 በ0.002 ልዩነት እየቀያየሩ ፊቱን ይድገሙና ኮሪሌሽኑ ጫፍ የሚደርስበትን ይውሰዱ። ይህ መጀመሪያ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ ነው የማዕዘን ልኬቱ የሚታመነው።

———

ግማሽ_ቮክሰል

ያንን ካስተካከሉ በኋላ ካርታውን በአዲሱ ግሪድ ላይ ሲያስቀምጡ አንዴ ብቻ ያስቀምጡት። መጀመሪያ አዙሮ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አሸጋሽጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለቮክሰል መጠኑ ደግሞ ማስቀመጥ ዝርዝሩን ይበላዋል። መስመራዊ ኢንተርፖሌሽን፣ ነጥቡ በሁለት ቮክሰል መካከል እኩል ሲያርፍ፣ በ1.2 አንግስትሮም ቮክሰል የ4.8 አንግስትሮምን ዝርዝር በአንድ ዛቢያ ወደ 71 በመቶ ያወርደዋል፤ 2.4 ላይ ጨርሶ ያጠፋዋል። ሁለቴ ከተደረገ 4.8ቱ 50 በመቶ ይሆናል። ማትሪክሶቹን አባዝተው አንድ ያድርጓቸው። አስቀድመው በፎሪየር ሳጥኑን አስፍተው ቮክሰሉን 0.6 ካደረጉት ደግሞ ያው የ4.8 ዝርዝር 92 በመቶ ይተርፋል።

ራይቦ ላለው መቆጣጠሪያ ካልሆነ በቀር ግማሽ ካርታዎቹን ለየብቻ አያስገጥሙ። ከሙሉው ካርታ ያገኙትን አንድ ማትሪክስ ለሁለቱም ይስጡ፤ አለዚያ የፎሪየር ሼል ኮሪሌሽኑ (ሁለቱ ግማሾች በየዝርዝር ደረጃው ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካው) የማስገጠሙን ልዩነትም አብሮ ይለካል። ሪዞሉሽኑ የሚለካውም ከማዞር በፊት ባሉት ካርታዎች ነው።

———

ሳጥን256

1.206 ላይ ጫፍ ደረሰ፤ ዳር ዳሩም ገባ። መሃሉ አሁን 154.368 ስለሆነ አራተኛው አምድ እንደገና ተቀይሯል፤ ማዕዘኑ ግን በሁለተኛው አሃዝ እንኳ አልተነካም።